«ታዲያ ማንን ልታክምበት ነው?»

(ከምረቃ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ስለሚደረገው ምርምር ልዩ ልዩ መልክ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)

ለዚህ በዓል ከተማሪዎች ወገን አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ ብዙ ርእስ አንሥተን ጣልን። በመጨረሻ የመረጥነው በየቤታችን ዘወትር የሚያከራክረንን ነው። ልጅ «ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ» ያለ እንደ ሆነ ወላጅ ደስ ይለዋል። ልጁ ቀጥሎ «የታሪክ ዶክተር» ያለ እንደ ሆነ ግን ደስታው ወደ ዝምታ ይለወጣል። ከመካከላችን አንዱን አባቱ «ታዲያ ማንን ልታክምበት ነው?» ብለው ጠይቀውታል። ነገሩ ያስቃል፤ ዳሩ ግን የዩኒቨርሲቲ ምርጫችንን የምንሞላበት ጊዜ ስለ ደረሰ ለእኛ የሳቅ ነገር ብቻ አይደለም።

ዶክተር የሚለው ቃል በጥንቱ በላቲን ቋንቋ መምህር ማለት ነው፤ ለሐኪም የተሰጠው ቆይቶ ነው። የመጀመሪያውን ዲግሪ የሚቀበል ተማሪ ሌሎች የደረሱበትን ዕውቀት ተምሮ ይመረቃል። ከዚያ አልፎ ለዶክትሬት የሚቀመጠው ግን ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ራሱ መርምሮ፣ መልሱንም በጽሑፍ አቅርቦ፣ በሊቃውንት ፊት ይከራከርበታል። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ ለሁሉም አንድ ነው። ጥያቄው የሚመለስበት መንገድና የሚሠራበት ስፍራ ግን ከትምህርት ወደ ትምህርት ፈጽሞ አይመሳሰልም። እኛም ዛሬ ልናሳያችሁ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 ቢከፈትም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት የቆመው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ለከፍተኛ ምርምር የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ታደሰ ታምራትም ዶክትሬታቸውን በ1968 የተቀበሉት ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥያቄያቸው ግን የአገር ቤት ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ከ1270 እስከ 1527 ድረስ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት እንዴት ተያይዘው እንደ ኖሩ የሚመረምር ነው። ሥራቸው በ1972 በኦክስፎርድ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል።

እንግዲህ የታሪክ ሰው ምን ይዞ ይመረምራል? መሣሪያው ግዕዝ ማወቅና ትዕግሥት ነው። ገድል የተጻፈው የጻድቁን ተጋድሎ ለማክበር ነው እንጂ ለታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ለመስጠት አይደለም። ተመራማሪው ግን ጻድቁ ያለፈበትን አገር፣ የተቀበለውን ወይም ያሳደደውን ገዥ ስም፣ የተከለውን ገዳም ስፍራ አንድ በአንድ ይለቅማል። ከዚያም አንዱን ገድል ከሌላው፣ ሁለቱንም ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጋር ያስተያያል። ሁለቱ የተስማሙበትን ያጸናል፤ ያልተስማሙበትንም ለምን እንዳልተስማሙ ይጠይቃል። እኛ ታሪክ ማለት የነገሥታትን ስምና ዓመት በቃል መያዝ ይመስለን ነበርና፣ ይህን ስንረዳ ትምህርቱ ሌላ ሆነብን።

የታሪክ ሰው ከብራና ሲለቅም የቅሪተ አካል ተመራማሪ ከመሬት ይለቅማል። ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገና የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ በ1997 በአፋር በመካከለኛው አዋሽ የመንጋጋ ቁራጭ አገኙ። ከ5.2 እስከ 5.8 ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ላለው ፍጡር ከአፋር ቋንቋ የተወሰደውን «ካዳባ» የሚል ስም ሰጥተው በ2001 ለዓለም አስታወቁ። (ይህ ቁጥር በሃይማኖት ትምህርት ሰዓት ብዙ አከራክሮናል፤ ዛሬ ወደዚያ አንገባም።) አጥንቱ ራሱ ዕድሜውን አልተናገረም። የተናገረው ከበላዩና ከበታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ያንንም የመረመሩት የጂኦሎጂ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የአንዱ ትምህርት ጥያቄ የሌላውን ትምህርት በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ከሁሉ የገረመን ግን የጤፍ ነገር ነው። ሁላችንም የበላነው፣ ማናችንም ያልጠየቅነው! የጤፍ ፍሬ 1,000ው አንድ ላይ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም፤ አበባውም በዚያው መጠን ረቂቅ ነው። ደግሞም ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስለሆኑ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። በዚህ ምክንያት አንዱን የጤፍ ዘር ከሌላው ጋር ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለረጅም ዘመን ታምኖ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ አበባው በማለዳ፣ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ያችን ጊዜ ጠብቆ በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ የሚሠራ ሰው ማዳቀል ይችላል ማለት ነው። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በዚህ መንገድ ከተገኙት ዘሮች አንዱ በ2006 ለገበሬ የተለቀቀው «ቁንጮ» ነው። ገበሬ አባቶቻችን ጤፍን በብዙ ሺህ ማለዳ አይተውታል፤ አበባውን በዚያች ሰዓት ለማየት ግን የሚያጎነብስ ሰው አስፈለገ።

የማሽላውም ነገር እንዲሁ ነው። ገቢሳ ኤጀታ ከጅማና ከዓለማያ ተነሥተው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ከተቀበሉ በኋላ ከያዟቸው ጥያቄዎች አንዱ አቀንጭራ ነው። የአቀንጭራ ዘር የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ቅመም እስኪያገኝ ድረስ በመሬት ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ ባገኘው ጊዜ በቅሎ ከሥሩ ላይ ይጣበቃል። እንግዲህ ያንን ቅመም አሳንሶ የሚያመነጭ ማሽላ ቢገኝ አቀንጭራው እንደ ተኛ ይቀራል። ይህን ለመፈለግ የእርሻ ትምህርት ብቻውን አልበቃም፤ የኬሚስትሪ ሰው ታክሎበታል። ገቢሳ ኤጀታ ለማሽላ ምርምራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ማንን ያክማሉ? አክሊሉ ለማ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። በ1964 በዐድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩን ያዙት። ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ምርምሩ የተጀመረው ከመድኃኒት መደብር ሳይሆን ከልብስ አጣቢዎች ነው። እነዚያ ሴቶች ስማቸው በመጽሐፍ አለመጻፉ እኛን ቅር ያሰኘናል።

የሒሳብ ተመራማሪ ጠመኔና ወረቀት ካገኘ ሌላ ብዙ አይፈልግም ይባላል፤ በዚህ እንቀናበታለን። የኢኮኖሚክስ ሰው ግን ያለ ሰው መልስ አይሠራም። ከ1994 ጀምሮ የአዲስ አበባና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች በ15 የገጠር መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ደጋግመው እየጠየቁ ስለ ምርት፣ ስለ ከብትና ስለ ዕዳ መዝግበዋል፤ ያ መዝገብም ለብዙ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኗል። የቋንቋ ሊቅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ያስጨንቀዋል። በወይጦ ወንዝ ዳር የሚነገረው የኦንጎታ ቋንቋ የቀሩለት ተናጋሪዎች እጅግ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ማሽላ ለከርሞ ይዘራል፤ ሽማግሌ ግን ከሞተ በኋላ አይጠየቅም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ሐኪምና መሐንዲስ ሁኑ የምትሉን ለእንጀራችን አስባችሁ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም እንጀራ እንወዳለን። ከመካከላችን ሐኪም የሚሆኑት ይሁኑ፤ ጎበዞችም ናቸው። የምንለምናችሁ ግን ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ልጃችሁን «ምን ልትሆን ትፈልጋለህ?» ከማለት ይልቅ «ምን ልታውቅ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትጠይቁን ነው።

እኛ በክፍላችን እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ያገኘነውን በደብተር ጽፈናል። ከሁሉ ያከራከረን የብራና መጻሕፍት ቀለም ነው፤ ስንት መቶ ዓመት ኖሮ እንዴት ሳይደበዝዝ ቆየ? ግማሾቻችን የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው እንላለን። ቅጠልና ሥር ከገባበት የዕፀዋት ትምህርት ነው የሚሉ አሉ። የታሪክ ነው የሚሉም አልጠፉም። የሚያስማማን ስላላገኘን፣ ከእናንተ መካከል እስከ ዛሬ ቀለም የሚበጠብጥ ሊቅ የሚያውቅ ቢኖር፣ ከበዓሉ በኋላ ስፍራውን ለክፍላችን አለቃ እንዲነግርልን በትሕትና እንለምናለን።