ስለ አንድ ኮንሰርትና ስለ ትምህርት ብድራችን

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በነፋስ መውጫ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ትምህርት ብድሩ አንቺ ተናገሪ» ሲሉኝ የዓመቱን ቁጥር የማነብላችሁ መስሏችሁ ይሆናል። ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ አዲስ አበባ ሄጄ ስላየሁት አንድ የሙዚቃ ዝግጅት ነው። «ይኼ ከብድሩ ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከእስቴ ቡድን አንዲት አባላችን ልጇ ዩኒቨርሲቲ ስለገባች 12 ሺህ ብር ብድር ጠየቀች። ይህን እንድናገር እሷው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ኮሚቴው «ልጅቷ ምን ልትማር ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ሙዚቃ» አለች። ከመካከላችን አንዷ «አዝማሪ ለመሆን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?» አለች፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደንባችን «ሥራ ለሚያስገኝ ትምህርት» ስለሚል የሂሳብ ሠራተኛዋ አስተያየት ትስጥ ተባለ። እኔም «ነርስ ወይም መምህርት ብትሆን ከደመወዟ ትመልሳለች፤ የሙዚቃ ገቢ ግን አይታወቅም» አልኩ። ከዚያም በቃለ ጉባኤው ላይ «አልተፈቀደም» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። እናትየዋ አልተከራከረችም። ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ ተቀመጠች። በሳምንቱ ጊደሯን ሸጣ ልጇን ላከች።

ባለፈው ዓመት ማህበሩ ለሂሳብ ሥልጠና አዲስ አበባ ላከኝ። መሄዴን ሰምታ ያቺው እናት መጣች። ቂም አልያዘችም። አንድ ከረጢት በሶና ቆሎ ይዛ «ለልጄ አድርሽልኝ» አለችኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ልጅቷን ደውዬ አገኘኋት። ከረጢቱን ተቀብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለችና «እትዬ፣ ነገ ማታ ኮንሰርት አለን፤ መግቢያው በነጻ ነው፤ ይመጣሉ?» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሄድኩት ለእናትየዋ «ልጅሽን አይቻታለሁ» ለማለት እንዲመቸኝ ነው።

የምትማረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። አዳራሹ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሃምሳ የሚሆኑ ወጣቶች ጥቁር ለብሰው በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ከፊት ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ የያዙት፣ ከኋላቸው ፍሉትና ክላሪኔት፣ ከዚያ መለከቶቹ፣ መጨረሻ ላይ ትልልቅ ከበሮዎች። አንዷ ኦቦ የሚባለውን መሣሪያ ይዛ አንድ ድምፅ ሰጠች፤ ሁሉም በዚያ ድምፅ መሣሪያቸውን ቃኙ። አዝማሪ ማሲንቆውን ሲቃኝ ያየች ሰው ይህን ለመረዳት አትቸገርም። የእኛዋ ልጅ ቫዮሊን ይዛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። በእጇ የያዘችው ደጋን የተወጠረበት ጭራ የፈረስ ነው፤ የማሲንቆውም ደጋን እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ የተጫወቱት የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ነው። ሲምፎኒ ማለት ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል ያለው፣ ዘፋኝ የሌለበት ረጅም ሙዚቃ ነው። ይህኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1808 ቪየና ከተማ ሲሆን ደራሲው በዚያን ጊዜ ጆሮው እየደከመ ነበር። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም ድምፅ ብሎ እንደ በር ማንኳኳት ይጀምራል። ያቺን አራት ድምፅ አንዴ ቫዮሊኖቹ፣ አንዴ መለከቶቹ እየተቀባበሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። በሰርጋችን አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። እዚህ ግን አውጪው ብዙ ነው፤ ተቀባዩም በየተራው አውጪ ይሆናል።

ዓይኔ ግን ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ከኋላ ሦስት ልጆች ትሮምቦን የሚባለውን፣ እየተሳበ የሚረዝመውን የነሐስ መሣሪያ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንደኛው ክፍል አለቀ፤ አልነፉም። ሁለተኛው አለቀ፤ አልነፉም። ሦስተኛውም እንደዚያው። «እነዚህ ለቁጥር ማሟያ ነው የመጡት?» ብዬ አሰብኩ። የእኔ ሥራ የማይሠራ ሠራተኛ ከደመወዝ ዝርዝር ላይ መለየት ነው። አራተኛው ክፍል ሲጀምር ሦስቱም በአንድ ጊዜ አነሱና ነፉ፤ አዳራሹ ተነቃነቀ። በኋላ ልጅቷን ስጠይቃት ቤትሆቨን ሲጽፈው ትሮምቦኖቹ እስከ መጨረሻው ክፍል እንዲጠብቁ አድርጎ ነው አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በልባቸው እየቆጠሩ ነበር። እኛም እቁብ የምንጥል ሴቶች ነን፤ ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ተራዋ ያልደረሰላትን ሴት ግን ማህበርተኛ አይደለችም አንልም።

ከዚያ አንዲት ተማሪ ወጥታ ከኦፔራ ውስጥ አንድ ዜማ ዘፈነች። ኦፔራ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሚባል ቲያትር ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን ቆሞ የልቡን የሚያወጣበት ዘፈን አሪያ ይባላል። ይህኛው ቬርዲ የተባለው የጣሊያን ደራሲ ከጻፈው «አይዳ» ከተባለው ኦፔራ ነው። አይዳ ማን መሰለቻችሁ? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ግብፅ ውስጥ ተማርካ ባሪያ ሆናለች። ሌሊት አባይ ዳር ቆማ ሀገሬን ዳግመኛ አላይም ብላ ታለቅሳለች። ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ነገሩን የሰማሁት ከመድረክ መሪው ነው። ነገር ግን ስማዳንና እስቴን ከጎጃም የሚለየው አባይ ዳር ቆሞ እንደሚያለቅስ ሰው አድርጌ ሰማኋት፤ እንባዬም መጣ።

ይህ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ነው። ያሠራው የግብፁ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ነው። ያው ሰውዬ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ በጉንደትና በጉራ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተሸነፈ። በዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት እስከ ዛሬ ይዘፈናል፤ እኛ ደግሞ ያንን ዜማ ልትማር የሄደችውን የራሳችንን ልጅ ስቀንባታል።

ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ ስላልለቀቀኝ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። የነሐስ ሙዚቃ ባንድ በሀገራችን የቆየ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አምጥተው «አርባ ልጆች» የተባለውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። እሱ ቫዮሊንና መለከት አልነበረም፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ በአንድነት የተቀመጡበት ነበር። በየሰርጉ ብቻውን ይጫወት የነበረው አዝማሪ ከሌሎች ጋር በኦርኬስትራ የተቀመጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ያሬድ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያ የመሩት አሸናፊ ከበደም ለትልቅ ኦርኬስትራ የጻፉትን ሥራ «እረኛው ዋሽንተኛ» ብለውታል። የእረኛ ዋሽንት ሳይሰማ ያደገ በዚህ ቤት አለ?

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነገር ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ሙዚቃ ተማሩ፤ በኋላ በግሸን ማርያም መነኮሱ። ጎንደር በነበሩ ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ እያደሩ፣ እየለመኑ ዜማ ሲማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በፒያኖ የደረሱትን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ሀገር በሸክላ አሳትመው ገቢውን ለችግረኞች አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ሙዚቃ ገቢ አያመጣም ብዬ ስጽፍ እሳቸውን አላውቅም ነበር።

የቆሎ ተማሪውን ነገርማ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም እዚሁ ጋይንት ውስጥ ነው። ከየሀገሩ ተማሪ እየመጣ ዓመታት ሙሉ ዜማ ሲማር እናቶቻችን ቁራሽ ሰጥተውታል። «ይህ ልጅ ሲጨርስ ደመወዙ ስንት ነው?» ብላ የጠየቀች እናት አልሰማሁም። እርግጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማና የኮንሰርት ሙዚቃ አንድ አይደለም። ቄሶቻችን እንዳይቆጡኝ ይህን አስቀድሜ እላለሁ። ግን ዜማ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት መሆኑን ከማንም ቀድመን የምናውቅ ሰዎች ነን ለማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። ከኮንሰርቱ በኋላ ልጅቷን በግልጽ ጠየቅኋት፤ «ስትመረቂ ሥራ ታገኛለሽ?» አልኳት። አልዋሸችኝም። ከእነሱ በፊት ከተመረቁት ውስጥ መምህር የሆኑ አሉ፣ በባንድ የሚጫወቱ አሉ፣ ሥራ ያጡም አሉ አለችኝ። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት እያስተማረች ቤት ኪራይዋን ትሸፍናለች። ይህን ስሰማ የሂሳብ ጭንቅላቴ ሥራ ጀመረ። ለበግ ማድለቢያ አበድረን በጉ በበሽታ ሲሞት ያልሰረዝነው ብድር አለ ወይ? አለ፤ ሰርዘናል። ከማይመለሱት ብድሮች ውስጥ የሙዚቃ ተማሪ የለችበትም። አበድረናት አናውቅማ!

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የትምህርት ብድሩ ገንዘብ ከራሳችን ወርኃዊ ቁጠባ የወጣ ስለሆነ ጥንቃቄው ይቅር አልልም። ነገር ግን «ሥራ ለሚያስገኝ ትምህርት» የሚለው ሐረግ ይውጣ። ያንን ሐረግ ይዘን የፈረድነው ሥራ ስለሚያስገኝና ስለማያስገኝ አጥንተን አልነበረም፤ ስለምናከብረውና ስለማናከብረው ሙያ ነበር። በምትኩ ለማንኛውም ተበዳሪ የምንጠይቀውን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ቁጠባዋን በወቅቱ ትከፍላለች? ሁለት ዋስ አላት? የመመለሻ ጊዜው ልጅቷ ከተመረቀች በኋላ ሥራ ለመፈለግ የሚበቃ ነው? የእስቴዋ እህታችን በዚያን ጊዜ ሦስቱንም ታሟላ ነበር። መዝገቡን ገልጬ አይቻለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ነገ ሁሉም ሙዚቃ ልማር ቢል ገንዘቡ ያልቃል» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህም ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን አሁን ባለው ጣሪያ ይቆይ፤ አንዲት ልጅ ነርሲንግም ተማረች ሙዚቃ ጣሪያው ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጣላችሁ። እኔ እንደማናችሁም አንድ ድምፅ ነው ያለኝ፤ የምጽፈውም እናንተ የወሰናችሁትን ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በመዝገብ ያልያዝኩት ነው። እህቴ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጠሽ አይሻለሁ። ያን ቀን ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። ጊደርሽን መመለስ አልችልም። ልጅሽን ግን አይቻታለሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛዋ ናት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ስትጫወት አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም። ዓይኗ ከመሪው እጅና ከወረቀቷ ላይ አልተነሳም።