የጥገና ሰዓትና የደወል ዝምታ
(በደባርቅ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በሰሜን ተራሮች ግርጌ ተሰብስበን ስለ ጥገና ሰዓት እንድናገር በመጋበዜ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። የጥገና ሰዓት ማለት፣ በኮምፒዩተሮችና በመገናኛ መስመሮች ላይ ሥራ ሲሠራ ተቆጣጣሪው ሥርዓት ደወሉን እንዳያሰማ አስቀድሞ የሚሰጥ የዝምታ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ካልተሰጠ ተረኛው በከንቱ ይሮጣል፤ ያለ ልክ ከተሰጠ ግን እውነተኛው አደጋ ሳይሰማ ያልፋል።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የጥገናው ማስታወቂያ «8 ሰዓት» ብሎ ወጣ። ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነበር፤ እኔ ግን ቁጥሩን እንዳለ 8 ብዬ አስገባሁ። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ መሣሪያው ግን ከእኩለ ሌሊት ይቈጥራልና የ6 ሰዓት ልዩነት ተፈጠረ። ሌሊቱን ደወሉ በከንቱ ሲጮኽ አደረ፤ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ግን ዝም አለ። በዚያው መካከል የመጠባበቂያው ባትሪ አለቀ። ብልሽቱን የነገረን ደወሉ ሳይሆን በመስኮቱ ፊት የተሰለፈው ባለጉዳይ ነበር።

ስለዚህ አንደኛ፣ ሰዓቱ በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ። ሌሊት 8 ሰዓት በመሣሪያው 02:00 ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ የዋዜማው ቀን 23:00 ነው። «ሐሙስ ሌሊት» ማለት ያሻማል፤ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» የሚለው ያገራችን አነጋገር ግን አያሻማም።

ሁለተኛ፣ የወሩን ተራ ለመሣሪያው ብቻ አንተው። መሣሪያው የፈረንጁን ወር ስለሚከተል ጳጉሜንን አያውቅም፤ የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ቀን መዘጋቱንም አያውቅም። በሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ጥገና አይታቀድ፤ የማማ ላይ ሥራም ከክረምቱ መብረቅና ጭጋግ ይራቅ።

ሦስተኛ፣ ዝምታው በልክ ይሁን። ከጎንደር በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚዘልቅ መስመር አለን እንበል። ዳባት ላይ ስንሠራ ደባርቅ ያለው ሁሉ ለጎንደር የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ የደባርቅም የመስመር ደወል አብሮ ዝም ይበል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ደባርቅ ላይ ኃይል ቢቋረጥ ጎንደር አያይምና በደወሉ ፈንታ ሰው ይቁም።

አራተኛ፣ ፈቃዱ መዝጊያ ሰዓት ይኑረው፤ ደወሉ ቢዘጋም መዝገቡ አይቋረጥ። ሥራው ሲያበቃ ደወሉ በእርግጥ መመለሱ ይፈተን።

ደወልን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። ዝም ባለበት ሰዓት ነቅቶ የሚጠብቀውን ሰው ስም በመዝገቡ ላይ ካልጻፍን ግን ጥገና አቅደናል ማለት አንችልም።