የጎረቤት ስክሪን

አድማጮቻችን፣ በተለይ በሳዑዲ ኾበር፣ አል ዑለያ ልጅ የምታስተምሩ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ወደ ሳዑዲ የኢንተርኔት መማሪያ «መድረሰቲ» ሲዛወር ኮምፒውተሩ ራሱ ክፍል ሆኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ክፍል ውስጥ መምህር ፊት ሲከፈት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት በትምህርት መሀል በኮምፒውተር ሌላ ነገር የሚጎረጉሩት ተማሪዎች በፈተና ወደ 11 በመቶ ዝቅ ማለታቸውን አሳየ፤ በሌላው ሙከራ ደግሞ ራሳቸው ወረቀት ላይ እየጻፉ የጎርጓሪዎቹ ስክሪን ዓይናቸው ሥር የነበረባቸው ተማሪዎች 17 በመቶ ዝቅ አሉ። ጥፋቱ የአንዱ፣ ዕዳው የጎረቤት!

«እንግዲያው ኮምፒውተር ይከልከል» ለሚል ሰው መልሴ፦ እጁ እስክሪብቶ ለማይዝለት ተማሪ ኮምፒውተሩ ደብተሩ ነው። መምህሩ ሲያስረዳ ክዳኑ ይከደን፣ መልመጃ ሲሰጥ ይከፈት፤ ማስታወሻ በኮምፒውተር የሚይዝ ተማሪ ከጀርባው ማንም በሌለበት በመጨረሻው ረድፍ ይቀመጥ። የኋላ ወንበር የሰነፍ ነው ከተባለም፣ መምህሩ ከሰሌዳው ፈቀቅ ብሎ እዚያው ቆሞ ያስተምር።