ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በካርቶን



ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ባንድ ጊዜ ከመሬት ይነሣሉ ወይስ አይነሡም? አዊ ዞን፣ አዘና ላይ ያለ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። የአዊ ልጅ ፈረስ እያየ ነው የሚያድገው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱ ተሸልሞ እንጅባራ ላይ ሲወጣ የሀገሩ ሰው ሁሉ ያየዋል። ግን ያንኑ ልጅ «እስቲ ሣለው» በሉት። እርሳሱን ይዞ ያስባል። የቱ እግር ይቀድማል? የኋላው መቼ ይከተላል?

በዚህ የተቸገሩት ልጆች ብቻ አይደሉም። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለዘመናት ጋላቢ ፈረስ ሲሥሉ የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደኋላ ዘርግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ በፈረስ መሮጫ ዳር ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ ግልቢያውን በቅጽበት በቅጽበት አነሣው። ፈረሱ አራት እግሩንም ከመሬት ያነሣል፤ የሚያነሣው ግን ተዘርግቶ ሳይሆን እግሮቹን ሆዱ ሥር ሰብስቦ ነው። እነዚያ ፎቶዎች ተከታትለው በፍጥነት ሲታዩ ፈረሱ ይሮጣል። ለሲኒማም ለአኒሜሽንም መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

እኔ ዛሬ የምለው፣ ልጆቻችን አኒሜሽን ከማየት አልፈው ይሥሩት ነው። እዚያው ክፍላቸው ውስጥ፣ በእጃቸው።

እስካሁን ስክሪን ወደ ትምህርት ቤት ያስገባንባቸው መንገዶች ተማሪውን በአመዛኙ ተመልካች አድርገውታል። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ መምህሩ ጎን ቆሞ ተማሪው ስክሪን ላይ ያፈጥ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ለልጅ የተሠሩ ትንንሽ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፖች በሺህ እየተቆጠሩ ወደ ሀገራችን ገቡ። መሣሪያው ጥሩ ነበር፤ መሣያም ነበረው። ነገር ግን መምህራኑ በቂ ሥልጠና ስላላገኙ ከዕለት ትምህርቱ ጋር ሳይዋሐድ ቀረ። መምህሩ ያልያዘውን ነገር ልጁ ብቻውን ይዞ እንዲሄድ መጠበቅ አግባብ አይደለም።

መምህር ሲይዘው ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም የጀመሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ትግአቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው፣ ከካልሲ በተሠራ አሻንጉሊት፣ ቤታቸው ውስጥ እየቀረጹ ነው የጀመሩት። ቀጭኔዋ ፀሐይ በቴሌቪዥን ስንቱን ልጅ ፊደል አስቆጥራለች! ኋላም «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የካርቱን ተከታታይ ፊልም ሠሩ። ከካልሲ ነው የተነሡት፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አልሰለችም።

እንግዲህ አዘና ላይ አንድ መምህርት፣ አንድ ስማርት ስልክና 60 ተማሪ አሉ እንበል። ፈረሱ ከካርቶን ይቆረጣል፤ ገላው ለብቻ፣ እግሮቹ ከጉልበታቸው ላይ ተከፍለው ለብቻ፤ መጋጠሚያቸው በክር ይታሰራል። ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። ስልኩ በሁለት የመጽሐፍ ክምር መካከል በተዘረጋ ማስመሪያ ላይ ወደታች እያየ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ፈረሱ ሳይሆን ጠረጴዛው የሚሮጥ ይመስላል። አንድ ልጅ እግሩን የጥፍር ስፋት ያህል ያንቀሳቅሳል፤ እጁን ያነሣል፤ ሌላው ፎቶ ያነሣል። ከዚያ ተራው የቀጣዩ ነው። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ ቢበቃ፣ ለ10 ሰከንድ 120 ፎቶ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ይደርሰዋል። የተማሪ ብዛት ሁልጊዜ ሸክም ነው እንላለን፤ እዚህ ግን ሥራውን የሚጨርሰው ብዛታቸው ነው። ፎቶዎቹን የሚያያይዙ ነጻ አፕሊኬሽኖች አሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩም ሞልተዋል።

ልጆቹ የቱ እግር እንደሚቀድም ሲከራከሩ ወጥተው እውነተኛ ፈረስ ማየት ይኖርባቸዋል። ሳይንሱ ያ ነው። ማባዛቱም አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን የሚያጓጓኝ ድምፁ ነው። ታሪኩን በአዊኛ ይተርኩታል። አዊኛ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ አንዳንድ ስልክ ላይ የማይገኙ ፊደላት አሉት፤ ልጁ ርዕሱን በእጁ ወረቀት ላይ ጽፎ ፎቶ ካነሣው ግን ምንም አይጎድልበትም። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተሠራ ካርቱን እስኪመጣላቸው መጠበቅ ቀርቶ ራሳቸው ሠሩት ማለት ነው።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሣጥን ከፋፍለው ከዳር እስከ ዳር የሚተርኩት የሀገራችን ሠዓሊዎች ናቸው። ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ስክራች የተባለው ፕሮግራም አለ፤ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ትእዛዞቹንም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። የክፍለ ጊዜ ጥያቄም አያስጨንቅም፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል።

የሚያስጨንቀው የስልኩ ባለቤትነት ነው። የመምህርቷ የግል ስልክ ወድቆ ቢሰበር ማን ይከፍላል? ከደመወዟ ገዝታ፣ ባትሪውን ለክፍሉ ጨርሳ፣ ማታ ለቤተሰቧ መደወያ ማጣት የለባትም። ስለዚህ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ለወላጅ ኮሚቴዎች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። የኮምፒውተር ክፍል እስኪሠራ አትጠብቁ። በየትምህርት ቤቱ አንድ ስልክ ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ ፓወር ባንክም ጨምሩበት። ከዚያም ንብረት ክፍል አስገብታችሁ አትቆልፉበት፤ በሚያስተምሩበት መምህራን እጅ ይሁን።