በችግር ዘመን አገር ለቅቆ ስለ መሄድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ! በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮ የከበደባቸው ብዙዎች ቤተ ሰባቸውን ይዘው ለዘለቄታው ከአገር ሊወጡ ይመክራሉ።

በረኀብ ዘመን ይስሐቅ ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ተከለከለ፤ ያዕቆብ ግን በቤርሳቤህ መሥዋዕት ካቀረበ በኋላ እንዲወርድ ተፈቀደለት። እንግዲህ መሄድ ብቻውን ኃጢአት፥ መቅረትም ብቻውን ጽድቅ አይደለም። የኑኃሚን ባል ወደ ሞዓብ ሄዶ እርሱም ሁለቱ ልጆቹም በዚያው ሞቱ፤ እርስዋም በቤተ ልሔም እህል መገኘቱን ሰምታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ስለዚህ የሚያልፍ ችግር የማያልፍ ውሳኔ እንዳያስወስነን፥ ሽማግሌ ወላጆቻችንን ማን ይጦራል? ልጆቻችንስ ወዴት ይቈርባሉ? ብለን እንጠይቅ፤ ከንስሐ አባታችንም ጋር እንምከር። የሄደ ሃይማኖቱን ይጠብቅ፤ የቀረም በሄደው አይቅና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።