ዱሩና የቀጥቃጩ ቤት፦ ከሳጋሞር ጉብኝት የተነሣ የቅርስ ጥበቃ ጥያቄ

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ጉብኝት ነው፤ ጉብኝቱ ግን ይዞኝ የሄደው ወደ ሕግ ጥያቄ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ኒውዮርክ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ከተማው ነው። በግዛቱ ሰሜናዊ ክፍል ግን 24,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የአዲሮንዳክ ፓርክ አለ፤ ተራራው፣ ደኑና ሐይቁ ተቆጥሮ አያልቅም። ከራኬት ሐይቅ መንደር አጠገብ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ባልተነጠፈ መንገድ ደኑን ሰንጥቃችሁ ስትሄዱ፣ በአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ግሬት ካምፕ ሳጋሞርን ታገኛላችሁ። የደረስኩት በመከር ወራት፣ ቅጠሉ ቀልቶ ሊረግፍ በተቃረበበት ሰሞን ነበር።

ልቤ የነበረው ዋናው ሎጅ ላይ ነው። አስጎብኚያችን ግን መጀመሪያ የወሰደችን ከሐይቁ ራቅ ብሎ ወዳለው የሠራተኞች ግቢ፣ ወደ ቀጥቃጩና ወደ አናጢው ቤት፣ ወደ ጋጣውና ወደ ሠረገላ ማስቀመጫው ነበር። ትዕግሥቴ ማለቅ ጀምሮ እንደነበር አልደብቃችሁም። በዚያ ቅዝቃዜ የፈረስ ጋጣ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ መጣሁ እንዴ አልኩ በሆዴ። ዋናው ሎጅ ደጃፍ ስደርስ ግን የበሩን የብረት ማጠፊያ ሳየው የት እንደተቀጠቀጠ ዐወቅሁ። ሁለቱ ግቢዎች አንድ ሕንፃ መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ሳጋሞርን ከ1895 እስከ 1897 ያሠራው ዊልያም ዌስት ዱራንት ነው። አባቱ ቶማስ ዱራንት በዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ሐዲድ ሥራ የገነነ ነጋዴ ነበር። ልጁ በዚያው አካባቢ ቀደም ሲል ፓይን ኖትንና አንካስን ሠርቷል፤ «ታላላቅ ካምፖች» የሚባለው የአሠራር ስልት የተስፋፋውም በእርሱ ሥራ ነው። ስልቱ የስዊስ ተራራ ቤቶችን ቅርጽ ከአካባቢው ግንድና ድንጋይ ጋር ያጋባል፤ የዛፉ ልጣጭ ሳይነሣ ግድግዳ ላይ ይታያል፤ ቅርንጫፉ ከነጉብጠቱ መደገፊያና ጌጥ ይሆናል። ሲያዩት ደኑ ራሱ ያበቀለው ይመስላል። ይህ መምሰል ነው እንግዲህ ብዙ እጅ የጠየቀው።

ዱራንት በዕዳ ተይዞ በ1901 ካምፑን ለአልፍሬድ ጉዊን ቫንደርቢልት ሸጠ። አዲሱ ባለቤት የቧንቧ ውሃ፣ በውሃ ኃይል የሚመነጭ መብራት፣ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው የቦውሊንግ መጫወቻ ሳይቀር አስገባ። ለጥቂት ሳምንታት «የዱር ሕይወት» ለሚቀምሱ እንግዶች ማለት ነው። ቫንደርቢልት በ1915 ሉሲታኒያ የተባለችው መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ስትመታ ሞተ። ባለቤቱ ማርጋሬት ኤመርሰን ካምፑን እስከ 1954 ይዛ ቆይታ ለሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ሰጠችው።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የኒውዮርክ ሕዝብ በ1894 ባጸደቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ አንድ እንግዳ አንቀጽ አለ፤ በተከለለው ደን ውስጥ ያለ የግዛቱ መሬት ለዘላለም ዱር ሆኖ እንዲጠበቅ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ዛፉም እንዳይቆረጥ ያዝዛል። ምክንያቱ ተጨባጭ ነበር፦ የእንጨት ነጋዴዎች ተራራውን እየመለጡት ነበር፤ ደኑ ከጠፋ ወንዞቹና የውሃ መጓጓዣ ቦዮቹ ይደርቃሉ የሚል ሥጋት ነበር። ይህን አንቀጽ አደንቀዋለሁ። ለደን ከፓርላማ ድምፅ በላይ የሆነ ዋስትና የሰጠ ሕግ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

ዩኒቨርሲቲው በ1975 ንብረቱን ለቀቀ። ሎጁና በዙሪያው ያሉት የእንግዳ ቤቶች በትምህርት ሥራ ላይ ለተሰማራ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲተላለፉ፣ ሰፊው ደን ወደ ግዛቱ ገባ። የሠራተኞቹ ግቢ ያረፈው እንግዲህ ግዛቱ በያዘው መሬት ላይ ነበር። መሬቱ ለዘላለም ዱር ከሆነ በላዩ የቆመ ቤት ቦታ የለውም፤ ሊጠገንም አይችልም፤ ዕጣው መፍረስ ወይም ፈርሶ ማለቅ ነው። የባለጸጋው ሳሎን ሊተርፍ፣ የቀጥቃጩ ቤት ሊጠፋ ሆነ። ማንም በክፋት ያሰበው አይደለም፤ ሕጉ ዱርን እንጂ በዱር ውስጥ የሠራን ሰው የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

መፍትሔው ረጅም መንገድ ጠየቀ። በኒውዮርክ ሕገ መንግሥት ለማሻሻል በተከታታይ የተመረጡ ሁለት ምክር ቤቶች ማጽደቅ፣ ከዚያም ሕዝቡ ድምፅ መስጠት አለበት። በ1983 የግዛቱ መራጮች 10 ኤከር፣ ማለትም አራት ሄክታር ገደማ፣ ከነሕንፃዎቹ ለድርጅቱ እንዲሰጥና በምትኩ 200 ኤከር የዱር ደን ወደ ግዛቱ እንዲገባ ፈቀዱ። ለጥቂት ጋጣና ወርክሾፕ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ምርጫ ጣቢያ ድረስ ተጠየቀ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን የቢሮክራሲ ትርፍ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ሃያ ለአንድ የሆነው ልውውጥ ዱሩንም አልጎዳውም፤ ሕጉም በቀላሉ እንደማይበገር አስመሰከረ። ሳጋሞር በ2000 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ሲሰየም ሁለቱም ግቢዎች ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ስሜን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተመደበ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት፣ በ2016፣ የጊች መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወደ ደባርቅ ከተማ አጠገብ ተዛውረዋል። ነገሩ ከሳጋሞር ጋር አንድ ነው አልልም፤ እዚያ የቀረው ባዶ ቤት ነበር፣ እዚህ ገብስ የሚዘራ፣ ከብት የሚያረባ ሕያው ሰው። የዋልያው መኖሪያ መጠበቅ እንዳለበትም አልጠራጠርም። የምጠይቀው ለቅርስ ጥበቃ ተማሪዎች የሚመለከት ጠባብ ጥያቄ ነው፦ አንድ መንደር ለዱር ሲባል ሲለቀቅ የቤቱን አሠራር፣ የማሳውን ድንበር፣ የመንገዱን ስም የሚመዘግበው ማን ነው? የብዝኃ ሕይወት ባለሙያው ሥራው አይደለም። የታሪክ ክፍሉ አልተጠራሁም ይላል። የሥነ ሕንፃ ክፍሉ ጎንደርን እየለካ ነው። የጊችን ቤት በልጅነቱ አባቱ ሲሠራ ያየ ሰው ዛሬ ደባርቅ ላይ አለ፤ ከዚህ አዳራሽ ተነሥቶ እርሱን የሚያነጋግር ተማሪ ቢገኝ የምርምር ሐሳቡን ለማማከር በሬ ክፍት ነው።

ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።