ከስማችን ጎን የሚጻፈው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጽሑፍ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

ከዓለም ባንክ፣ ከቤቴል፣ ከአየር ጤና፣ ከካራቆሬ በታክሲ ሰልፍ ቆማችሁ የመጣችሁትን በተለይ እናመሰግናለን።

ገንዘብ ያዣችን ስለ ብሩ ነግራናለች። ለእኛ የተሰጠን ርእስ ስለ ጽሑፍ ነው። «በዚህ ኑሮ ላይ ደግሞ መጻፍ ምን ሊረባ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ብለን ነበር። ስለዚህ ሐሳባችንን ያስቀየረንን ነገር እንንገራችሁ።

ማኅበራችን ሲመሠረት መጀመሪያ የገዛው ዕቃ መዝገብ ነው። ከድስቱም ከድንኳኑም በፊት። በዚያ መዝገብ ውስጥ ሁላችንም አለን፤ ስማችን፣ መዋጯችን፣ ፊርማችን፣ መፈረም የማንችለው ደግሞ የጣት አሻራችን። የቀረች ሴት ካለች ከስሟ ጎን «ቀሪ» ይባላል፤ ቀጥሎ ቅጣት 20 ብር። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ ደንብ ባይኖር ኖሮ ማኅበሩም እስከ ዛሬ አይደርስም ነበር።

አምና በጥቅምት ወር ከመካከላችን አንዲት እህታችን አረፈች። ስሟን እዚህ አንጠራም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጥ ነበር። ለቀብሩ የሕይወት ታሪኳ ሊዘጋጅ ሲል ልጇ ወደ እኛ መጣችና «እናቴ ስለ እናንተ አውርታ አትጠግብም ነበር። እናንተ ጋ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር አለ?» አለችን።

ጸሐፊያችን መዝገቡን አመጣች። ገለጥን። የስድስት ዓመት መዋጮ አንድም ሳይጎድል ተከፍሏል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን እንዲህ ይላሉ፦ ሐምሌ ቀሪ፣ ቅጣት 20 ብር፣ ተከፍሏል። ነሐሴ ቀሪ፣ ቅጣት 20 ብር፣ ተከፍሏል። መስከረም ቀሪ፣ ቅጣት 20 ብር፣ ተከፍሏል።

እህቶቻችን፣ በእነዚያ ሦስት ወራት እሷ አልጋ ላይ ነበረች። ቅጣቱን በልጇ እጅ ላከች፤ እኛም ተቀበልን። ብሩን የተቀበለችው ብቻ ሳትሆን ሁላችንም ተቀበልን፤ ምክንያቱም ስሟ ሲጠራ «የለችም» ብለን የመለስነው ሁላችንም ነን። «ለምን ቀረች?» ብላ የጠየቀች አልነበረችም። ልጅቷ መዝገቡን ከእኛ ጋር አየች። ምንም አልተናገረችም። ቢናገሩን ይሻል ነበር።

በዚያው ክረምት ቡና ላይ ስለ ምን እናወራ እንደነበር እናስታውስ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ወሬው ሁሉ ዶላር ሆነ። ዶላር በእጇ ይዛ የማታውቅ ሴት ጠዋት ተነስታ «ዛሬ ስንት ገባ?» ትል ነበር። አልተሳሳትንም፤ የዶላሩ ዋጋ ዞሮ ዞሮ ዘይታችን ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ዜና መስማት ነውር የለበትም። ግን የዶላርን ዋጋ በየቀኑ የጠየቅን ሰዎች የአንዲት ጓደኛችንን ጤና ሦስት ወር ሙሉ ሳንጠይቅ ቀረን። የእሷን ዜና የሚነግረን ሬዲዮ አልነበረም፤ ያለን መዝገብ ብቻ ነበር፤ መዝገቡ ደግሞ የሚያውቀው ብርን ነው።

ይህ ጋዜጣ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጣቱን 60 ብር ይዘን ወደ ልጇ ሄደን ነበር። «እናቴ ዕዳ አትወድም፤ ያ ብር ይቅር። ከፈለጋችሁ ስለ እሷ ጻፉልኝ» አለችን። ተሰብስበን አንድ ገጽ ጻፍን። ገዢ ሁሉ «የኔ እመቤት» ስትል እንደነበር፣ ሽንኩርት መዝና ስታበቃ ምራቂ ሳትጨምር እንደማትሸኝ፣ ዝናብ ሲመጣ ከራሷ ዕቃ በፊት የጎረቤቷን ሸራ እንደምትዘረጋ። አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ እየጨረሰችው ሄደ። ስድስት ዓመት ሙሉ እናውቃት ነበር ማለት ነው፤ የትም አላሰፈርነውም እንጂ።

ስለ ሰፈራችን የተጻፈ የለም እንዳትሉ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ለወታደራዊ ሥልጠና ኮልፌ መጥተው ነበር። ስድስት ወር ሊሠለጥኑ ታስቦ ሁለት ወር ገደማ እንደቆዩ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ከ32 ዓመት በኋላ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ግን ኮልፌ በስሟ ተጠርታለች፤ ጠመንጃና ጥይት ተሸክመው የተጓዙት የእግር መንገድ ሳይቀር ተጽፏል። ሁለት ወር የቆዩ እንግዳ ይህን ያህል ከጻፉ፣ አርባ ዓመት እዚህ የኖርን፣ የወለድን፣ የቀበርን ሴቶች ግማሽ ገጽ ያንሰናል?

ሴት አትጽፍም እንዳይባልም፣ ጣሊያን ወደ አዚናራ ደሴት አግዞ ያሰራቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘውን ሥራቸውን አሳትመዋል። ኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። ከእናቶቻችንም መካከል በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ልጅ አዝለው ፊደል የቆጠሩ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ የተማሩት ስም ለመፈረም ብቻ ነው ያለው ማነው?

ይሁን እንጂ መጻፍ ጉዳትም እንዳለው መሸሸግ የለብንም። በሁለተኛው እትማችን አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ስለ ባልና ሚስት ጠብ ነው። ስም አልነበረውም፤ ግን «ሰማያዊ በር ያለው ቤት» ተብሎ ነበር። በሰፈራችን ሰማያዊ በር ያለው ስንት ቤት አለ? ያቺ እህታችን ሁለት ወር ከቤቷ አልወጣችም። ጽሑፉን ያቀረበችው ክፉ አስባ አልነበረም፤ አንብበን ያሳለፍነው እኛ ኮሚቴዎቹ ነን። ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡናውን ራሷ አፈላችልን፤ ሦስተኛው ላይ «ታሪኬን መናገር ቢያስፈልግ እኔው እናገረዋለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይኸው ነው፤ የሌላን ሰው ነገር ሳናስነብበው አናወጣም። ጓደኝነት ከጽሑፍ ይበልጣል።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ቃላት ማሳመር አያስፈልግም። ዛሬ ምን አየሽ፣ ማን አገዘሽ፣ ማንን ናፈቅሽ፣ ምን አናደደሽ? እሱን ጻፊው። መጻፍ የማትችል ለልጇ ትንገር፣ ልጅ ከሌላት ለእኛ ትንገረን፤ እኛ ጽፈን መልሰን እናነብላታለን፤ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ካላለች አይወጣም።

በመጨረሻ፣ በመዝገቡ ላይ ያደረግነውን ለውጥ እንንገራችሁ። «ቀሪ» ከሚለው ጎን «ምክንያት» የሚል አንድ መስመር ጨምረናል። ጸሐፊዋ ምክንያቱን ሳታውቅ ቅጣት መጻፍ አትችልም። ለማወቅ ደግሞ ሁለት ሰው ሄዶ በር ማንኳኳት አለበት። እስካሁን ከተጻፉት ጥቂቱን እናንብብላችሁ፦ «እግሯ አብጦ።» «የቤት ኪራይ ተጨምሮባት ቤት ስትፈልግ።» «ልጇ ከዓረብ አገር ደውላ ስታለቅስባት።» «ደክሟት፣ ተኝታ።» የመጨረሻዋንም አልቀጣናትም።

የዛሬ ዓመት ልጆቻችን ይህን መዝገብ ቢገልጡ ከስማችን ጎን ከብር ሌላ የሚያገኙት ነገር እንዲኖር እንሻለን። እስክሪብቶና ወረቀት ከበሩ አጠገብ አስቀምጠናል፤ ስትወጡ ውሰዱ። ቡናው ደርሷል።